ስለ ቆጋ ቲማቲምና ሽንኩርት

ከባሕር ዳር በስተደቡብ በመርዓዊ ከተማ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት በመስኖ እንዲያጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ውሃው ወደ እርሻው ከተለቀቀ ወዲህ የሜጫ ገበሬ ክረምትን ብቻ መጠበቁን ትቶ በበጋም ስንዴ፥ ድንች፥ ሽንኩርት፥ ጎመንና ቲማቲም ያመርታል። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን የሁሉም ሰብል በአንድ ወራት ሲደርስ ዋጋውን የሚቆርጠው ደላላ ይሆናል፤ ገበሬውም ለመከራከር ጊዜ የለውም። ስንዴ በጎተራ ይቆያል፤ ቲማቲም ግን ጥቂት ቀን ፀሐይ ከመታው የከብት ቀለብ ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ፋብሪካ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በየካቲት 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም በውነቱ መልካም ሥራ ነው። ሆኖም ቡሬ ከመርዓዊ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የቲማቲም ከመቶ 94 እጁ ያህል ውሃ ነውና፥ ጥሬውን እስከዚያ መጫን ለውሃ የመኪና ኪራይ መክፈል ነው። 10 ኩንታል ቲማቲም በሚገባ ቢደርቅ አንድ ኩንታል እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ውሃው እዚያው ቆጋ ይቅር።

ለዚህ የሚያስፈልገው ዕውቀት ደግሞ ሁሉ ከባሕር ማዶ የሚመጣ አይደለም። በርበሬ ደልዛ፥ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋራ አስጥታ ድልህና አዋዜ የምታሰናዳ የባላገር ሴት የማቈየትን ጥበብ ከማንም በፊት ታውቃለች፤ ባለሙያ ተብላ አለመቈጠሯ ግን የሚያስገርም ነው። የጐደላት ከመሬት ከፍ ያለና በላስቲክ የተሸፈነ የማድረቂያ ቆጥ፥ ንጹሕ ውሃ፥ የሚታመን ሚዛንና አየር የማያስገባ ማሸጊያ ነው። በመሬት የተሰጣ አቧራ ይጠጣል፤ ሳይደርቅ የተከማቸ በርበሬም የሚሻግተው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ሊያፈራ ይችላል። ይህን ማስተማር የምግብ ምህንድስና ለሚያስተምረው ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሩቅ መንገድ አይደለም።

ገንዘቡም ቢሆን የብዙ ዓመት ዕዳ መሆን የለበትም። ሰብል ሲረክስ ገዝቶ ለማድረቅና ሲወደድ ሸጦ ለመመለስ የጥቂት ወራት ብድር ይበቃል፤ ስለዚህ ለሴቶቹ ማኅበር የቤት ካርታ ከመጠየቅ የገዢ ውል እንደ መያዣ ቢቈጠር ይሻላል። ገዢውም በቅርብ አለ። የዩኒቨርሲቲና የሆስፒታል ወጥ ቤት በየቀኑ በርበሬና ሽሮ ይፈልጋል፤ ጨረታው ግን ሙሉውን የዓመት ቀለብ በአንድ ጊዜ ለማቅረብ የሚችል ባለጠጋ ነጋዴ ብቻ የሚገባበት ከሆነ የመርዓዊ ሴቶች በሩን አይደርሱትም። ያው ግዥ በየወሩ በጥቂት ኩንታል ተከፍሎ ቢወጣ መንግሥት የሚያወጣው ተጨማሪ ብር እምብዛም አይኖርም።