ዳኛው ሲታመም ፊሽካው የማን ነው?

ተጫዋች ሜዳ ላይ ቢታመም ምን እንደሚደረግ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ዳኛው ጨዋታውን ያቆማል፣ ሐኪም ሮጦ ይገባል፣ ቃሬዛ ይመጣል፣ አራተኛው ዳኛ ቁጥር የሚያበራ ሰሌዳውን ያነሳል፣ ተቀያሪው ይገባል። ግብ ጠባቂው ቢጎዳ ሁለተኛ ግብ ጠባቂ አለ። አሰልጣኙ በቀይ ካርድ ቢባረር ምክትሉ ይቆማል። ኳሷ እንኳን ብትተነፍስ ሌላ ኳስ ከሜዳው ዳር ተዘጋጅታ ትጠብቃለች።

እሺ፣ ዳኛውስ?

«እሱ ደግሞ ምን ይሆናል?» ትሉኝ ይሆናል። ችግሩ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ዳኛን የምናየው እንደ ግድግዳ ሰዓት ነው። ትክክል ሲሠራ ማንም ቀና ብሎ አያየውም፤ ሲዛባ ግን ሁሉም ይጮህበታል። ሰውዬው ሥጋና ደም መሆኑ፣ ከተጫዋቾቹ እኩል መሮጡ፣ በዕድሜ ደግሞ ብዙዎቹን መብለጡ ትዝ የሚለው የለም። ተጫዋች ሲደክመው ይቀየራል። ዳኛ ሲደክመው ይሰደባል።

ነገሩን ከየት እንደማመጣው የኳስ ወዳጆች ሳትገምቱ አልቀራችሁም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።) ጃንዋሪ 12 ቀን 2022፣ ካሜሩን፣ ሊምቤ ከተማ፣ የአፍሪካ ዋንጫ፣ ማሊ ከቱኒዚያ። የመሃል ዳኛው የ42 ዓመቱ ዛምቢያዊ ጃኒ ሲካዝዌ። ማሊ በኢብራሂማ ኮኔ ሪጎሬ 1 ለ 0 እየመራች ነው። ዋህቢ ካዝሪ ለቱኒዚያ የመታው ሪጎሬ ድኗል። ልክ 85ኛው ደቂቃ ላይ ሲካዝዌ ፊሽካውን ነፋና «አለቀ» አለ። ስህተቱ ተነግሮት ጨዋታው ቀጠለ። 87ኛው ደቂቃ ላይ ለማሊው ኤል ቢላል ቱሬ ብዙዎችን ያስገረመ ቀይ ካርድ አሳየ። ከዚያ 90 ደቂቃው ሊሞላ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት እንደገና «አለቀ» አለ። ሁለት ሪጎሬ፣ የቫር ምርመራና የውሃ ዕረፍት ባለበት ጨዋታ አንዲት ሰከንድ ጭማሪ የለም!

የቱኒዚያ ሰዎች ሜዳ ገብተው ሰዓታቸውን እያሳዩ ጮሁ። ዳኞቹ በጥበቃ ታጅበው ወጡ። ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የማሊው አሰልጣኝ ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ተቀምጠው ሳለ «ጨዋታው ሊቀጥል ነው» ተባሉ። የማሊ ተጫዋቾች ተመልሰው ገቡ። በዚህ ጊዜ ፊሽካውን የያዘው አራተኛው ዳኛ ነበር። ቱኒዚያዎች ግን አንመጣም አሉ። አሰልጣኛቸው እንዳሉት ተጫዋቾቹ የበረዶ ውሃ ውስጥ ገብተው ነበር። ጨዋታው በማሊ 1 ለ 0 አሸናፊነት ተመዘገበ፤ ካፍም የቱኒዚያን ቅሬታ ውድቅ አደረገው።

እኛስ ምን አደረግን? ሳቅን። ፌስቡኩ በቀልድ ተጥለቀለቀ። «ታክሲ አምልጦት ነው»፣ «ምሳ ሳይበላ መጥቶ ነው»፣ ከዚያ ደግሞ ቀልድ ያልሆነው፦ «በልቶ ነው!» የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል አይደል? በኋላ ላይ የዳኞቹ አለቃ ሰውዬው በፀሐይ ተመትቶ እንደነበርና ሐኪም ቤት መወሰዱን ተናገሩ። ሲካዝዌም ራሱ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በጆሮው የሚመጣውን ድምፅ መለየት አቅቶት እንደነበር፣ ሰውነቱ አልቀዘቅዝ ብሎ ሞት አፋፍ ላይ እንደደረሰ ተናገረ። እኛ ስንስቅ የነበረው አንድ ሰው በሚሊዮኖች ፊት ራሱን ሊስት ሲል እያየን ነው።

በዚያው ውድድር የሴኔጋልንና የቡርኪና ፋሶን የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ የመራው የእኛው ባምላክ ተሰማ ነበር። ያ ሙቀት ባምላክን ቢመታው ኖሮስ? ያን ቀልድ እንለጥፈው ነበር? እኔ አይመስለኝም። «ሕዝቡ ይጸልይለት» እንል ነበር።

ግን የጽሑፌ ዓላማ ስለ ሳቃችን ንስሐ ማስገባት አይደለም። የሳቀ ስቋል። የኔ ጥያቄ ለባለሥልጣናቱ ነው፦ 85ኛው ደቂቃ ላይ አንድ ዓለም አቀፍ ዳኛ ጨዋታን በአምስት ደቂቃ አሳጥሮ «አለቀ» ሲል፣ ዙሪያውን የነበሩት ሁሉ ምን ይሠሩ ነበር?

ቁጠሩልኝ። ሁለት ረዳት ዳኞች አሉ፣ በሬዲዮ ይነጋገራሉ። አራተኛ ዳኛ አለ። የቫር ክፍል ውስጥ ሰዓትና ካሜራ ይዘው የተቀመጡ ዳኞች አሉ (ያ ውድድር እኮ ቫር በሁሉም ጨዋታዎች የተሠራበት የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ነው)። የጨዋታ ኮሚሽነር አለ። ሐኪሞች አሉ። ይሄ ሁሉ ሰው ተሰልፎ አንድ የታመመ ሰው ብቻውን ጨዋታ ሲመራ ነበር።

ለምን? ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። «ያንተ ሥራ ነው» ተብሎ የተጻፈለት ሰው ስለሌለ ነው። ሕጉን እንየው። የእግር ኳስ ሕግ አንቀጽ 6 አንድ ዳኛ መጀመር ወይም መቀጠል ካልቻለ ማን እንደሚተካው የውድድሩ ደንብ በግልጽ ማስቀመጥ አለበት ይላል፤ አራተኛው ዳኛ ይግባ ወይስ ረዳቱ የሚለው ማለት ነው። አንቀጽ 5 ደግሞ ዳኛው አቅም ካጣ ኳሷ ከጨዋታ ውጪ እስክትሆን ድረስ ሌሎቹ ዳኞች እየተቆጣጠሩ ጨዋታው ሊቀጥል ይችላል ይላል። ጥሩ ነው፣ ተተኪ አለ። ግን «መቀጠል አልቻለም» የሚለውን የሚወስነው ማነው? ዳኛው ወድቆ ቢዘረር መልሱ ቀላል ነው፣ ማንም ያየዋል። ቆሞ እየሮጠ፣ ፊሽካ እየነፋ፣ ካርድ እያወጣ፣ ነገር ግን አእምሮው ሌላ ቦታ ከሆነስ?

እዚያ ላይ ሕጉ ዝም ይላል። የአራተኛው ዳኛ የሥራ ዝርዝር ተቀያሪ መቆጣጠር፣ ትጥቅ ማየት፣ ተለዋጭ ኳስ መጠበቅ፣ የጭማሪ ደቂቃ ማሳየት፣ በአሰልጣኞች አካባቢ ያለውን ረብሻ ለዳኛው መንገር ነው። ቫርም ያኔ ጣልቃ ይገባ የነበረው በጎል፣ በሪጎሬ፣ በቀጥታ ቀይ ካርድና በተሳሳተ ማንነት ላይ ብቻ ነበር። ዳኛው የ22 ተጫዋቾችን ጤና የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የእሱን ጤና የሚጠብቅ ግን በስም የተመደበ የለም። ሕመሙን ራሱ አውቆ፣ ራሱ ተናግሮ፣ ራሱ እንዲወጣ ነው የሚጠበቀው። በፀሐይ የተመታ ሰው ግን መታመሙን ከሚያውቁት ሰዎች የመጨረሻው ነው! ግራ መጋባት ራሱ የበሽታው ምልክት ነው። የታመመውን አእምሮ ስለ ራሱ ጤና የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ መጠየቅ ምን ዓይነት አሠራር ነው?

ዳኛን በመተካት ጉዳይ ኳስ ሁልጊዜ ከአደጋው በኋላ ነው የሚነቃው። በሴፕቴምበር 1972 አርሰናልና ሊቨርፑል ሃይበሪ ላይ ሲጫወቱ አንዱ የመስመር ዳኛ ተጎዳ። ተጠባባቂ የለም። በድምፅ ማጉያ «ከመካከላችሁ የዳኝነት ፈቃድ ያለው አለ?» ተብሎ ተጠየቀ። ጨዋታውን ሊያይ የመጣው የቴሌቪዥን ተንታኙ ጂሚ ሂል ከመቀመጫው ተነስቶ፣ ቱታ ለብሶ፣ ባንዲራ ይዞ ገባ። ያኔ ከእንግሊዝ ታላላቅ ክለቦች ሁለቱ የተጫወቱት ጨዋታ የተረፈው ከተመልካች መሃል አንድ ፈቃድ ያለው ሰው በዕድል ስለተገኘ ነው። አራተኛ ዳኛ በሕግ ደረጃ የተቋቋመው ግን በ1991 ነው። 19 ዓመት! ከሊምቤስ በኋላ ስንት ዓመት እንጠብቅ?

መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ እንዲያውም እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ በምናውቀው ስፖርት ውስጥ አለ። በአትሌቲክስ ደንብ የውድድሩ ሐኪም «ውጣ» ካለ ሯጩ ወዲያውኑ መውጣት አለበት። «ደህና ነኝ» ማለት አይሠራም፣ የዓለም ሻምፒዮን መሆንም አያድንም። በኳስም ቢሆን ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች «እችላለሁ» ስላለ ብቻ አይቀጥልም፤ በ2021 በሙከራ የተጀመረው ተጨማሪ ቅያሪ ከ2024 ወዲህ ውድድሮች ሊጠቀሙበት የሚችሉት ሕግ ሆኗል። ለሯጭ የሠራ፣ ለተጫዋች የሠራ፣ ለዳኛ ሲሆን ምን ያግደዋል?

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ገለልተኛ የሆነው የውድድሩ ሐኪም ዳኛን የማስወጣት ሥልጣን በጽሑፍ ይሰጠው። ሁለተኛ፣ የአራተኛው ዳኛ ሥራ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «የመሃል ዳኛውን ሁኔታ ይከታተላል፤ ሲጠራጠር ጨዋታው በቆመበት ቅጽበት ሐኪም ይጠራል።» ሦስተኛ፣ ማን ማንን እንደሚተካ ከጨዋታው በፊት ለሁለቱ አምበሎች ይነገራቸው። ሊምቤ ላይ 85ኛው ደቂቃ ላይ እንዲህ ቢደረግ ኖሮ ሲካዝዌ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ሐኪም ያገኝ ነበር፣ ቱኒዚያም የምትከራከርበት ምክንያት አይኖራትም ነበር።

«ይሄማ ለተንኮል በር ይከፍታል፤ ውሳኔው ያልጣመው ቡድን ሁሉ ዳኛው ታሟል እያለ ይጮሃል» የሚሉ አሉ። ይጩህ! ተጫዋች ስለጮኸ ሪጎሬ ይሰጣል እንዴ? ውሳኔው የሐኪም እንጂ የቡድን አይደለም፣ ውሳኔዎቹን ሳይሆን ሰውየውን ነው የሚመረምረው። «የዳኛን ክብር ይነካል» የሚሉም አሉ። ንገሩኝ እስቲ፣ የትኛው ነው ክብር የሚነካው? በሐኪም ተደግፎ መውጣት ወይስ በጥበቃ ተከቦ የዓለም መሳቂያ ሆኖ መውጣት?

«ይህ ለትልቅ ውድድር ነው፣ እኛ ጋ አራተኛ ዳኛ የሌለበት ስንት ጨዋታ አለ» የምትሉትን ግን እሰማለሁ። እውነት ነው፤ የሰፈር ውድድር ላይ ዳኛው እግሩን ከታጠፈ ፊሽካውን የሚያነሳው ቅርብ የቆመ ሰው ነው፣ እሱም የአንዱ ቡድን ደጋፊ ነው፣ ከዚያ ጠብ ነው። ለዚህ እኮ ነው ቀድሞ መጻፍ የሚያስፈልገው። ወረቀትና እስክሪብቶ ስንት ብር ነው? «ዳኛው ካልቻለ እከሌ ይቀጥላል» ብሎ ሁለቱን አምበሎች ማስፈረም ስታዲየም አይፈልግም፣ ቫር አይፈልግም፣ ዶላርም አይፈልግም። ዳኛ ሥጋ መሆኑን ለማወቅም ካሜሩን መሄድ አያስፈልገንም። በ2018 አዲስ አበባ ላይ በፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታ ዳኛ ተደብድቦ ሊጉ እስከመቋረጥ ደርሶ ነበር። የዳኛ ሰውነት ይጎዳል፣ ይታመማል፣ ይደክማል።

ሲካዝዌ ድኗል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ኳታር ሄዶ የቤልጂየምንና የካናዳን የዓለም ዋንጫ ጨዋታ መርቷል። ደስ ይላል። ግን የዳነው አሠራሩ ስላዳነው አይደለም፤ ጨዋታውን በስህተት ቶሎ ስለጨረሰው ሊሆን ይችላል። ፊሽካው በሰዓቱ ቢነፋ ኖሮ ያ ሰው በዚያ ሙቀት ውስጥ ስንት ደቂቃ ተጨማሪ ይሮጥ ነበር? ማንስ «በቃህ» ይለው ነበር?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዞ የሚመጣ ፌዴሬሽን ካለ፣ ሰሌዳውን ያንሳልን።