በደጃፍ ያሉ ቅርሶችና የካሜራ ዓይን

የአዲስ አበባ ፎቶግራፍ አንሺዎች ለትልቅ ሥራ ሲነሡ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀኑት ወደ ላሊበላ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ወይም ወደ ዳሎል ሲሆን፣ ከቤታቸው በታክሲ የሚደረስባቸው ቅርሶችና መልክዓ ምድሮች ግን ከቁም ነገር ሳይቆጠሩ ይቀራሉ። ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በየካ ተራራ ላይ የሚገኘው ዋሻ ሚካኤል ውቅር ቤተ ክርስቲያን፣ ማለትም ከአለት ተፈልፍሎ የታነጸ ቤተ መቅደስ፣ ላሊበላን ለማየት አውሮፕላን የሚሳፈር ብዙ የከተማ ነዋሪ ስሙን እንኳ የማያውቀው ቅርስ ነው። የአካባቢው ትውፊት ሥራውን ከአብርሃና አጽብሃ ዘመን ጋር ሲያያይዘው፣ ተመራማሪዎች ደግሞ ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል።

ይህን መሰሉን ሥፍራ በካሜራ ማስቀረት የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። የቀትር ፀሐይ በተፈለፈለ አለት ላይ ሲያርፍ በብርሃኑና በጥላው መካከል ያለው ልዩነት፣ ባለሙያዎች ኮንትራስት የሚሉት፣ ከካሜራው አቅም በላይ ስለሚሆን፣ ወይ የውስጡ ክፍል ይጨልማል ወይ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። በማለዳ ከጎን የሚመጣ ብርሃን ግን የጠራቢውን የመሮ አሻራ ሳይቀር አጉልቶ ያወጣል። ነገር ግን ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ፀሐይ ቶሎ ሽቅብ ስለምትወጣ፣ ለስላሳው ብርሃን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ብዙም አይዘልቅም፤ አርፍዶ የሚነሣ ፎቶግራፍ አንሺ ደመናማ ቀን ቢመርጥ ይሻለዋል።

በከተማዋ መካከል ያሉት ሐውልቶች ዕጣም ችላ ከተባለው ዋሻ ሚካኤል አይለይም። በስድስት ኪሎ የቆመው የየካቲት 12 ሐውልት በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች የተጨፈጨፉትን ሰማዕታት የሚዘክር ሲሆን፣ በዙሪያው ያሉት ቅርጻ ቅርጾች ታሪኩን በምስል የሚተርኩ ቢሆኑም፣ በየቀኑ በታክሲ የሚዞረው መንገደኛ ቀና ብሎ አያነባቸውም፤ በፎቶግራፍም ቢሆን ተደጋግሞ የሚታየው ከሩቅ የተነሣው ቁመቱ ነው። ሐውልትን እንደ ምሰሶ ብቻ ማንሣት ግማሽ ሥራ ነው።

ከውበት ይልቅ የሚያሳስበው ግን የመዝገብነት ጉዳይ ነው። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለከተማ ባቡር ግንባታ ሲባል ከቦታው ተነሥቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሷል፤ ሐውልቱ ቢመለስም በዙሪያው የነበረው አደባባይ እንደ ቀድሞው አልሆነም። የዛሬው አንባቢ የዐፄ ምኒልክን ዘመን መልክ የሚያውቀው፣ አርመናዊው የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ቤድሮስ ቦያጂያንን የመሳሰሉ ባለሙያዎች ባስቀሩት ምስል ጭምር መሆኑ ሲታሰብ፣ በፍጥነት በምትፈርሰውና በምትገነባው ከተማ ቀንና ቦታ ተጽፎበት የተቀመጠ ተራ ፎቶግራፍ ከተዋበ ምስል የበለጠ ዋጋ ሊያገኝ ይችላል።

በእርግጥ ችግሩ ሁሉ የፎቶግራፍ አንሺው አይደለም። ካሜራ የያዘ ሰው በየአደባባዩ «ማንሣት ክልክል ነው» ይባላል፤ የክልከላውን ምክንያት የሚያስረዳው ግን ከስንት አንድ ነው። የሚመለከታቸው አካላት የትኛው ሥፍራ ያለ ፈቃድ እንደሚነሣ፣ የትኛውስ ፈቃድ እንደሚያሻው ለይተው በጽሑፍ ቢያሳውቁና ለጥበቃ ሠራተኞቻቸውም ቢያስረዱ መልካም ነው።