የመግቢያው ዋጋ

ባለፈው ሰሞን ማታ በመኝታ ቤታችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ነገሩን ያስነሣው ዲቪ ነው። ለብዙ ዓመታት ጥቅምት በመጣ ቁጥር ከግቢያችን በር ውጭ ያሉት የኮምፒውተር ቤቶች ከመጻሕፍት ቤታችን ይልቅ በተማሪ ሲሞሉ ያላየ የለም። ጉርድ ፎቶግራፍ ተነሥተን፣ ስማችንን በላቲን ፊደል አስጽፈን፣ የማረጋገጫ ቁጥራችንን በኪሳችን ይዘን የወጣን ይህን ከምንጽፈው መካከልም አለን፤ ስለዚህ ከላይ ሆነን የምንሰብክ አይምሰላችሁ። ታዲያ በዚያ ማታ አንዱ ወንድማችን ስለ አሜሪካ ኑሮ ሲያወራ፣ «እኔ እዚያ ብሄድ ከጥቁሮቹ ሠፈር አልገባም። እኛ እኮ እንደነሱ ባሪያ አልነበርንም፤ ነጮቹም ይህን ያውቁልናል» አለ። የሣቀ አለ፤ ራሱን የነቀነቀ አለ፤ «ተው» ያለው ግን አንድም ሰው አልነበረም። እኛም ዝም አልን። ይህን የምንጽፈው በዚያ ዝምታችን ስላፈርን ነው።

ወንድማችን የተናገረው አዲስ ነገር አይደለም። ከእርሱ በፊት ወደዚያች አገር ከገቡት ሕዝቦች ብዙዎቹ ይህንኑ በየቋንቋቸው ብለውታል። አሜሪካ ከየትም በመጡ ሰዎች የቆመች አገር ናት ይባላል፤ ነባሮቹን ሕንዶችና በሰንሰለት ታስረው የመጡትን ለጊዜው ከተውን እውነት ነው። ዳሩ ግን በበሩ ላይ የሚከፈል ዋጋ አለ። ዋጋውም የመርከብ ወይም የአውሮፕላን ኪራይ አይደለም፤ አዲስ የገባው ሰው ከበታቹ የሚያደርገውን ሌላ ሰው ፈልጎ መናቁ ነው።

እስቲ ከሕጉ እንጀምር። (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በፈረንጅ አቈጣጠር ነው።) በ1790 የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ ከውጭ መጥቶ ዜጋ ሊሆን የሚችለው ነጻ የሆነ ነጭ ሰው ብቻ ነው ብሎ ደነገገ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ በየመርከቡ የደረሰው ሁሉ አንደኛው ጥያቄው «ሥራ የት ይገኛል?» ቢሆን፣ ሁለተኛው «እኔ ከነጮቹ እቈጠራለሁ ወይስ አልቈጠርም?» የሚል መሆኑ አያስደንቅም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የአየርላንድ ሰዎች ታሪክ ነው። እነዚህ ሰዎች በገዛ አገራቸው በእንግሊዝ ገዥዎች እግር ሥር የተረገጡ ነበሩ። በ1842 ዳንኤል ኦኮኔል የተባለው መሪያቸውና 60,000 ያህል ያገሩ ሰዎች፣ በአሜሪካ ላሉት ወገኖቻቸው ከባርነት ተቃዋሚዎች ጎን ቁሙ የሚል መልእክት ፈርመው ላኩ። የተላከላቸው ግን ብዙዎቹ አልሰሙም። ከ1845 ጀምሮ የድንች ሰብላቸው በበሽታ ጠፋና በረኀብ ያለቀው አልቆ የተረፈው በገፍ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። እዚያም ካቶሊኮች ናቸው፣ ድኾች ናቸው፣ ሰካራሞች ናቸው ተብለው ተናቁ፤ እነርሱን በመጥላት ብቻ የቆመ የፖለቲካ ፓርቲ እንኳ ተነሥቶባቸው ነበር። በጁላይ 1863 በኒው ዮርክ ለጦርነቱ የምልመላ ዕጣ ሲወጣ፣ 300 ዶላር የከፈለ ከዘመቻው ይቀራል የሚል ሕግ ነበር። ሀብታሙ ከፍሎ ቀረ፤ ድኻው ተቈጣ። መቈጣቱ ትክክል ነበር። ነገር ግን ቁጣው በሕግ አውጪዎቹና በከፋዮቹ ላይ አላበቃም። አብዛኛው ከአየርላንድ የመጣ የነበረው ሕዝብ ጥቁሮችን በየመንገዱ እያሳደደ ገደለ፤ ሰቀለ፤ ከ200 በላይ ሕፃናት ይኖሩበት የነበረውን የጥቁር ወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ አቃጠለ። ልጆቹ ለጥቂት አምልጠው ተረፉ።

በ1870ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በካሊፎርኒያ «ቻይናዎች ይውጡልን» እያለ ሠራተኛውን ያነሣሣው ዴኒስ ካርኒ ማን ነበር? እርሱም ከአየርላንድ ተሰዶ የመጣ ሰው ነው። በ1882 የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ የሚከለክለው ሕግ ወጣ።

በ1924 በሩ በቁጥር ተለካ። በአሜሪካ የሚኖረው ሕዝብ ከየት እንደ መጣ ይቈጠርና ለየአገሩ በዚያ መጠን ኮታ ይሰጠው ተባለ። ሲቈጠር ግን የባሮች ዘሮች፣ ነባሮቹ ሕንዶች፣ ዜጋ መሆን የማይፈቀድላቸውም እስያውያን ከቁጥር እንዳይገቡ ሕጉ ራሱ በግልጽ ጽፏል። አገሩን በጉልበታቸው ያቀኑት ሚሊዮኖች በመዝገብ ላይ የሌሉ ሆኑ። ውጤቱም ይኸው፤ ከ1929 ጀምሮ ለእንግሊዝ በዓመት 65,721 ሰው ሲፈቀድ ለኢትዮጵያ የተፈቀደው 100 ነበር፤ ይህም ማናቸውም አገር የሚያገኘው የመጨረሻው ዝቅተኛ ልክ ነው። ሦስት ሺሕ ዘመን የምንለው ታሪካችን፣ ዐድዋችን፣ በመንግሥታት ማኅበር የነበረን ወንበር ሁሉ ተደምሮ መቶ ሰው። «ነጮቹም ይህን ያውቁልናል» ያለው ወንድማችን በዚህች ቁጥር ላይ ጥቂት ቢያስብ ደስ ይለናል።

ይህ ኮታ የፈረሰው በ1965 ነው። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በኦክቶበር ወር በነጻነት ሐውልት ሥር ቁጭ ብለው ፈረሙት። ነገር ግን ለዚያ ፊርማ መንገዱን የጠረጉት በበርሚንግሃም የፖሊስ ውሻ የተለቀቀባቸው፣ በሰልማ ድልድይ ላይ በዱላ የተደበደቡት ጥቁሮች ናቸው። እነርሱ በዘር መለየት ነውር መሆኑን ለአገሩ ባያሳዩት ኖሮ፣ በትውልድ አገር መለየትን ማን ነውር ይለው ነበር? ስለዚህ ዛሬ በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳው አጎታችን፣ በሐኪም ቤት በነርስነት የምትሠራው አክስታችን የገቡበትን በር የከፈቱላቸው፣ እኛ «እንደነሱ አይደለንም» የምንላቸው ሰዎች ናቸው። (ዲቪም ቢሆን ነገሩ ያስቃል። በ1990 ሕጉ ሲወጣ አጥብቀው የተሟገቱለት ከ1965 በኋላ በሩ የጠበበባቸው የአየርላንድ ወገኖች ነበሩ፤ ለመሸጋገሪያው ዓመታት ከቪዛው 40 በመቶው ለአየርላንድ ተጠብቆ ነበር። ለእነርሱ በተከፈተው መስኮት እኛ ገባንበት።)

አሁን ስለ ቂም እንናገር፤ ምክንያቱም ዘረኝነትን የክፉ ሰዎች ሥራ ብቻ አድርጎ ማለፍ ለሁላችንም ይቀለናል። በ1972 በቦስተን የጥቁር ልጆች ወላጆች የከተማውን ትምህርት ቤት ኮሚቴ ከሰሱ። በ1974 ዳኛው ትምህርት ቤቶቹ በዘር እንዲለያዩ ሆን ተብሎ ተደርጓል ብሎ ፈረደና ተማሪዎች በአውቶቡስ እየተዘዋወሩ እንዲደባለቁ አዘዘ። ከሮክስበሪ የጥቁሮች ሠፈር ልጆች ወደ ሳውዝ ቦስተን ተወሰዱ፤ ሳውዝ ቦስተን ያን ጊዜ የድኻ አየርላንዶች ሠፈር ነበር። በሴፕቴምበር ትምህርት ሲከፈት አውቶቡሶቹ በድንጋይ ተደበደቡ። ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ ተቃዋሚዎቹን ሊያነጋግር ወጥቶ እንቁላልና ቲማቲም ተወረወረበት፤ ሸሽቶ ወደ መንግሥቱ ሕንጻ ሲገባም ከኋላው መስተዋቱ ረገፈ። ሕንጻው የተሰየመው በወንድሙ በጆን ኬኔዲ ስም ነው፤ እርሱም በ1958 ስለ መጤዎች አገር መጽሐፍ የጻፈው ሰው ነው። የ1965ቱን ሕግ በሴኔት ያሳለፈው ደግሞ ይኸው ኤድዋርድ ነበር። ድንጋይ ወርዋሪዎቹ የገዛ ወገኖቹ፣ የረኀብ ስደተኞች የልጅ ልጆች ናቸው።

የሳውዝ ቦስተኗን እናት ግን አፏን ዘግተን አንለፋት። «እኔ ድኻ ነኝ፤ የልጄም ትምህርት ቤት ያው የድኻ ትምህርት ቤት ነው፤ ስለምን የእኔ ልጅ ብቻ?» ትላለች። ጥያቄዋ ባዶ አይደለም። በዚያው ክረምት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዲትሮይት ጉዳይ፣ ከከተማው ዳር ያሉት ባለጸጋ ወረዳዎች ራሳቸው አጥፍተው ካልተገኙ በቀር በእንዲህ ያለው መደባለቅ አይገደዱም ብሎ ወስኖ ነበር። ስለዚህ ባለ ሰፊ ግቢው ሰው፣ የቦስተን ጉዳይ ዳኛም ጭምር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በጸጥታ ይኖር ነበር። አውቶቡሱ የሚያመላልሰው የድኻን ልጅ ከአንዱ የድኻ ሠፈር ወደ ሌላው ነው። ይህ ግፍ ነው እንላለን። ታዲያ ከእርስዋ ሠፈር የተነሣው ድንጋይ ወደ ባለጸጋው ወረዳ አልሄደም፤ ከእርስዋ ይልቅ የተበደለችው፣ አስቀድማም አቤት ያለችው የሮክስበሪዋ እናት ልጇን ባስቀመጠችበት መስኮት ገባ።

የአሜሪካ የፖለቲካ መለያየት የሚበቅለው ከዚህ ማሳ ነው ብለን እናምናለን። አንደኛው ወገን የዚያችን እናት ቂም እያሞቀ ድምፅ ይለቅምበታል። ሌላው ወገን ስለ መቻቻል ያስተምራታል እንጂ ስለ ደመወዟና ስለ ልጅዋ ትምህርት ቤት ምን ይደረግ ብሎ እምብዛም አይጠይቃትም። በ2024 በኦሃዮ በምትገኘው በስፕሪንግፊልድ የሆነውን እንይ። ሠራተኛ ጠፍቶ ስለ ነበር የሃይቲ ሰዎች መጥተው በፋብሪካው ገቡ። የቤት ኪራይ ተወደደ፤ ሐኪም ቤቱና ትምህርት ቤቱ ተጨናነቀ፤ ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ ሊነገርም ይገባ ነበር። ነገር ግን በሴፕቴምበር በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ የክርክር መድረክ ላይ የተነገረው ስለ ኪራይ አልነበረም፤ የሰውን ውሻና ድመት ይበላሉ የሚል ሐሰት ነው። በዚያው ሳምንት በቦምብ ማስፈራሪያ ሕፃናት ከትምህርት ቤት ወጡ። ኪራዩን የጨመረው ባለቤት ስሙ በመድረኩ ላይ አልተነሣም።

እኛስ? በኖቬምበር 1988 በኦሬጎን በፖርትላንድ ከተማ ሙሉጌታ ሥራውን ሦስት ራሳቸውን የተላጩ ዘረኛ ጎረምሶች በመንገድ ላይ በዱላ ደብድበው ገደሉት። እንደ እኛ ትምህርት ፈልጎ የሄደ የ28 ዓመት ሰው ነበር። በ1990 የፍርድ ቤት ሸንጎ ጎረምሶቹን ያነሣሣው ድርጅትና መሪው ጭምር 12.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ፈረደ። ገዳዮቹ ግን አስቀድመው «አያትህ ባሪያ ነበር ወይስ ነጻ?» ብለው አልጠየቁትም።

በዋሽንግተን ዩ ስትሪት የሚባል መንገድ አለ። በዘር መለያየቱ ዘመን የጥቁሮቹ ቲያትርና ሙዚቃ የሞቀበት፣ ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት አካባቢ ነው። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ ጊዜ በተነሣው ረብሻ ተቃጥሎ ለብዙ ዓመታት ፈዞ ቀረ። የእኛ ሰዎች ኪራይ በረከሰበት ጊዜ ገብተው ምግብ ቤት ከፈቱ፤ መንገዱንም አሞቁት። በዚህ እንኰራለን። በ2005 ከፊሉ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ግን ከነባሮቹ ጥቁሮች «የእኛስ ታሪክ ወዴት ሊሄድ ነው?» የሚል ተቃውሞ ተነሣ። እኛ ብንሆን ኖሮ አንጠይቅም ነበርን? ከዚያ ወዲህ ኪራዩ ሰማይ ሲነካ የእኛም ምግብ ቤቶች የእነሱም ቤተ ሰቦች ለቀው ወጥተዋል፤ ስለ ስም የተጣላነው ቤቱ የሌላ በሆነ መንገድ ላይ ነው።

ከዚያው መንገድ ጥቂት ራቅ ብሎ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አለ። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማረው በዚህ በጥቁሮቹ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሚስቱም ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች፤ በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ሲያቋቁም ገንዘባቸውን ያወጡለት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ከቺካጎ ተነሥቶ ጣልያን ሲወረን አየር ኃይላችንን የመራው ጆን ሮቢንሰን በ1954 አዲስ አበባ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። እነርሱ እኛን ወገን ብለው ሲቈጥሩን ማንም አላስገደዳቸውም።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እርሱም ያስቸግራል። «እኛ ባሪያ አልነበርንም» የሚለው «እኛ» ማን ነው? በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው። ከዚያ በፊት የተሸጡትና የተገዙት ሰዎች የልጅ ልጆች በዚሁ ግቢ ይማራሉ፤ በዚያ ማታም በዚያ ክፍል አልጋው ላይ ተቀምጦ የሚያዳምጥ አልነበረም ብለን ልንምል አንችልም። ቃሉ እኮ በእኛ ዘንድ ዛሬም ስድብ ነው፤ ኳስ ሜዳ ላይ ሳይቀር ሰምተነዋል።

ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ለዚያ ወንድማችን አስነበብነው። «አየርላንዶቹ ላይ አበዛችሁት» አለን። ስለ መቶው ቪዛ ሁለት ጊዜ ጠየቀን፤ እውነት መሆኑንም ነገርነው። ስለ ራሱ ቃል ግን ምንም አልተናገረም፤ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልንና፣ ስሙ አለመጻፉን ዳግመኛ አረጋግጦ ወደ ክፍል ሄደ።