የሕዝብ ገንዘብ ያሠራው አፕ፣ አማርኛው የት ገባ?

የምኖረው አትላንታ ነው። ሲዲሲ ከ1946 ጀምሮ መቀመጫው እዚህ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ፣ ጆርጂያ ቴክና ካርተር ማዕከልም እዚሁ ናቸው። ኢትዮጵያን የሚመለከቱ ብዙ የጤና ጥናቶች ከዚህ ከተማ ይነሳሉ። እኛ የአትላንታ ሐበሾች ደግሞ ግብር ከፋዮች ነን፤ አንዳንዴ ተርጓሚዎች፣ አንዳንዴም የጥናት ተሳታፊዎች እንሆናለን። ስለዚህ አንድ ነገር የመጠየቅ መብት አለን፦ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የጤና ሶፍትዌር ሥራው ሲያልቅ አማርኛው የት ይገባል?

አንድ ጥሩ ሥራ ላንሳ። ዓለም አቀፉ የትራኮማ ካርታ ፕሮጀክት በዲሴምበር 2012 ኦሮሚያ ውስጥ ተጀመረ። እስከ ጃንዋሪ 2016 ድረስ በ29 አገሮች 2.6 ሚሊዮን ሰዎች ዓይናቸው ታየ። ዋናውን ወጪ የሸፈነው የእንግሊዝ መንግሥት ነው፤ የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲም አግዟል። መረጃው በወረቀት ሳይሆን በአንድሮይድ ስልክ ተሰበሰበ። ሶፍትዌሩን ያዘጋጀው ደግሞ ከአትላንታ ጥግ፣ ዲኬተር ከተማ ያለው ታስክ ፎርስ ፎር ግሎባል ሄልዝ ነው። መድኃኒት የትኛው ወረዳ እንደሚያስፈልገው ቶሎ ለማወቅ ተቻለ። የሕዝብ ገንዘብ እንዲህ ሲሠራ ደስ ይላል።

የእኔ ጥያቄ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በእንዲህ ያለ ሥራ ሁሉ አንድ ባለሙያ ገበሬው ቤት ገብቶ በሰውየው ቋንቋ ይጠይቃል። ለበሽታው የትኛው ቃል እንደሚገባ፣ የትኛው ጥያቄ እንደሚያሳፍር፣ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚመዘገብ ሰዎች ተቀምጠው ይወስናሉ። ይህ ውድ እውቀት ነው። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ግን ፋይሉ በአንድ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ ቀጣዩ ፕሮጀክትም ያንኑ ትርጉም እንደገና ከፍሎ ያሠራል።

የዘመን አቆጣጠሩን ብቻ ተመልከቱ። የኢትዮጵያን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዳታ አውርዶ የሠራ ሰው ይህን ያውቃል፦ ቀኖቹ የተመዘገቡት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ወደ አውሮፓው ለማምጣት በወር ቆጠራው ላይ 92 ወር መጨመር ያስፈልጋል። ይህን ያላወቀ ተማሪ የሚያገኘው ውጤት ከሰባት ዓመት በላይ ይሳሳታል። የ2016ቱ ዳሰሳ በታብሌት የተሰበሰበ ነው። ፕሮግራሙን በዋናነት ይደግፍ የነበረው የዩኤስኤአይዲ ገንዘብ ግን በ2025 መጀመሪያ ድንገት ቆመ። ገንዘብ ሲቆም ሠራተኛው ይበተናል፤ በሠራተኛው ጭንቅላት ብቻ የነበረ እውቀትም አብሮ ይሄዳል።

ሕጉ እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ ብቻ ይወስደናል። በአሜሪካ ሕግ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ በሥራው ያዘጋጀው ነገር አገር ውስጥ የቅጂ መብት የለውም። ሲዲሲ ከ1985 ጀምሮ ሲያወጣ የነበረውን ኤፒ ኢንፎን ማንም በነፃ የሚጠቀመው በዚህ መንገድ ነው። በመንግሥት ድጎማ የሚሠራ ዩኒቨርሲቲ ወይም ድርጅት ግን የቅጂ መብቱን ይይዛል። ከጁላይ 2025 ወዲህ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ገንዘብ የሰጡበት የጥናት ጽሑፍ በታተመበት ቀን ለሕዝብ በነፃ ክፍት መሆን አለበት። የተተረጎመው መጠይቅ፣ የቃላት ዝርዝሩና ኮዱ ግን በዚህ ግዴታ ውስጥ የሉም። እንግሊዝኛው ጽሑፍ ይከፈታል፤ አማርኛው በባለቤቱ ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል።

የሚገርመው ከስለላ በኩል የወጣው ነው። ኢያርፓ የተባለው የአሜሪካ የስለላ ምርምር ድርጅት ባቤል በሚለው ፕሮግራሙ የአማርኛ የስልክ ንግግር አስቀርጾ ከነጽሑፉ አዘጋጀ። ዛሬ ተመራማሪዎች በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ካለው የቋንቋ መረጃ ማዕከል ያገኙታል። ለስለላ የወጣ ገንዘብ ለአማርኛ ንግግር የሚሆን ቅርስ ከተወ፣ ለጤና የወጣው የማይተውበት ምክንያት አይታየኝም።

በቋንቋችን ይህን መንገድ አንድ ጊዜ አይተነዋል። በ1999 ዩኒኮድ ፊደላችንን ከማስገባቱ በፊት በአንዱ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ሰነድ በሌላው ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ነበር። ሁሉም ለየብቻው ይሠራ ነበር። የዳንነው የጋራ መሠረት ሲኖረን ነው። የጤና ቃላትና የዘመን አቆጣጠር ኮድም የጋራ መሠረት ይፈልጋሉ።

«የታካሚ ምስጢርስ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ የሰው መረጃ ተዘግቶ ይቆይ። የቃላት ዝርዝርና ጳጉሜን የሚያውቅ ኮድ ግን የማንንም ምስጢር አይዙም። «ሐኪሞች የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው» የሚልም አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግን ከእናቶች ጋር የምታወራው በእንግሊዝኛ አይደለም። ከ30 ሺህ በላይ እንደ እርሷ ያሉ ሠራተኞች አሉ። ታብሌቱ ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር ብቻ ከጠየቃት በወረቀት ደምራ ቀንሳ ታስገባለች፤ ያኔ ነገሩ ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆናል።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ገንዘብ ሰጪው መሥሪያ ቤት በውሉ ውስጥ ሦስት ነገር ያስገባ፦ የተተረጎመው መጠይቅና ቃላት በክፍት ፈቃድ ይውጣ፤ የቋንቋና የዘመን አቆጣጠር ኮዱ ማንም በሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ፤ አንድ ቅጂ ደግሞ ለአገሩ ጤና ሚኒስቴር ይሰጥ። ለዚህ የሚወጣው ተጨማሪ ወጪ ትንሽ ነው፤ ሥራው ቀድሞ ተከፍሎበታል።

እስከዚያው ከእኛ የሚጠበቅም አለ። አትላንታም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ለጥናት እንድትተረጉሙ ወይም አፕ እንድትሞክሩ ስትጠሩ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ አማርኛ ሥራው ሲያልቅ የት ይቀመጣል? ሌላ ሰውስ ሊጠቀምበት ይችላል? መልስ የሌለው አስተባባሪ ቢያንስ መልስ ሊፈልግ ይሄዳል። ጥያቄው ከብዙዎቻችን ከመጣ ደግሞ በሚቀጥለው የድጎማ ማመልከቻ ላይ መስመር ሆኖ ይገባል።