«ሁለት ዓመቴ የት ገባ?»

ሰሞኑን አንድ ደብዳቤ እንቅልፍ ነስቶኛል። የፍቅር ደብዳቤ አይደለም። (የፍቅሮቹን ለሳምንት አቆይቻቸዋለሁ፣ አትቆጡኝ።) ከካቺሲ የመጣ ነው። ካቺሲን የማታውቁ የከተማ ልጆች ካላችሁ፣ ምዕራብ ሸዋ ጊንደ በረት ውስጥ፣ ወደ አባይ ሸለቆ አፋፍ የተጠጋች ከተማ ናት። ደብዳቤው ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ተጽፎ፣ በሹፌር እጅ ጊንጪ፣ ከጊንጪ አዲስ አበባ ገብቶ ነው ጠረጴዛዬ ላይ ያረፈው።

ልጅቷ ስሜ እንዳይወጣ ብላ ለምናለች። ባትለምንም አናወጣም። እነሆ፦

«24 ዓመቴ ነው። አምቦ በአንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ በዲግሪ ሁለት ዓመት ተምሬአለሁ። ግሬዴ መጥፎ አይደለም። አባቴ ለክፍያው ሁለት በሬ ሸጧል። ሦስተኛ ዓመት ልጀምር ስል እናቴ ታማ አቋርጬ ተመለስኩ። አሁን አዲስ አበባ ያለው አጎቴ እሱ ቤት ሆኜ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የማታ እንድማር ፈቅዷል። ሬጅስትራር ሄጄ ወረቀቴን ሳሳይ መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ‹እንደ አዲስ ነው የምትጀምሪው› አለችኝ። እዚያው በር ላይ የተዋወቅኩት ሰውዬ ደግሞ 40 ሺህ ብር ካመጣሁ ሁሉንም ኮርስ አስቆጥሮ ሦስተኛ ዓመት እንደሚያስገባኝ ነገረኝ። አባቴ ‹ሁለቱ ዓመት የት ገባ?› ቢለኝ ምን እላለሁ? ሦስተኛ በሬ ይሸጥ?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። በሬው አይሸጥ።

40 ሺው ብር ምን እንደሚገዛልሽ ልንገርሽ። ሰውዬው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ብሩን ይዞ ይሰወራል፤ ይሄኛው እንኳ ይሻላል። ይሻላል ያልኩት አፌን ስቶኝ አይደለም። ሁለተኛው መንገድ ያልተማርሽውን ኮርስ፣ ያላገኘሽውን ግሬድ በሐሰት ወረቀት ላይ አስጽፎ ማስገባት ነው። ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት የሚባለው ነገር ደግሞ በተማሪ እጅ የሚዞር ወረቀት አይደለም፤ ታሽጎ ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር ነው የሚላከው። አንድ ቀን፣ ምናልባት ዘንድሮ ሳይሆን ከተመረቅሽና ሥራ ከያዝሽ በኋላ፣ «ይህ ማስረጃ ከእናንተ የወጣ ነው ወይ?» የሚል ደብዳቤ ለኮሌጅሽ ይጻፋል። መልሱ «አይደለም» ከሆነ የአዲሱ ዲግሪሽ ብቻ ሳይሆን የእነዚያ በላብሽ የተማርሻቸው ሁለት ዓመታትም ነገር ያከትማል፤ ወንጀሉ ሳይቆጠር ማለት ነው። ያን ጊዜ ሰውዬው ስልክ አያነሳም።

ወደ መስኮቷ ሴትዮ ልምጣ። ዋሸችሽ? አልመሰለኝም። ግን ሙሉውን አልነገረችሽም፤ ሰልፉ ረዝሞባት ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ዓመት የሚባል ነገር ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት አይዛወርም። «ሁለተኛ ዓመት ጨርሻለሁ፣ ሦስተኛ አስገቡኝ» ብሎ ነገር የለም። የሚዛወረው ኮርስ ነው፣ እሱም አንድ በአንድ እየተመዘነ። በሬ ሲሸጥ በቁሙ ነው፤ ይሄ ግን እንደ ቅርጫ ነው፣ መደብ መደብ ተደርጎ ነው የሚታየው። የትኛው መደብ ይቆጠራል፣ የትኛው አይቆጠርም ብሎ የሚፈርደው ደግሞ በመስኮት የምታያት ሴትዮ ሳትሆን ዲፓርትመንቱ ነው። ሬጅስትራር የተፈረደውን ነው የሚመዘግበው። ስለዚህ አንቺ የተሳሳተ በር ነው ያንኳኳሽው።

እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱ የሴኔት ሕግ አለው፣ ዝርዝሩም ይለያያል። መንፈሱ ግን ተቀራራቢ ነው። ኮርሱ እውቅና ካለው ተቋም የተወሰደ መሆን አለበት፤ ይዘቱ ከእነሱ ኮርስ ጋር መመሳሰል አለበት፤ ክብደቱ ማነስ የለበትም፤ ግሬዱም በአብዛኛው ከ«ሲ» በታች ከሆነ አይታይም። ካምፓስ ውስጥ «ኤግዘምፕሽን» ይሉታል። ሁሉም ኮርስ ቢመሳሰል እንኳ ሁሉንም አይቀበሉሽም፤ ዲግሪውን በስማቸው የሚሰጡ እነሱ ስለሆኑ የተወሰነውን እነሱ ጋ መማር አለብሽ።

«ይዘቱ መመሳሰል አለበት» የምትለዋ ቃል ናት ጉደኛዋ። በምን ይታወቃል? በኮርሱ ስም አይደለም። በኮርስ አውትላይን ነው! ምዕራፎቹ፣ የተነበበው መጽሐፍ፣ ሰዓቱ የተጻፈበት ያ ሁለት ሦስት ገጽ ወረቀት። እኔ ራሴ በዲፕሎማ ጀምሬ በማታ ወደ ዲግሪ ስሻገር የተቀጣሁት በዚህ ነው። መግቢያ ኢኮኖሚክስ ተምሬ «ቢ» አምጥቻለሁ። አዲሱ ዲፓርትመንት አውትላይኑን አምጣ ሲለኝ ቤት ሄጄ ብፈልግ፣ አከራዬ ለከሰል ማያያዣ አድርገውታል። እሳቸው ምን ያድርጉ፣ ወረቀት ነው። እኔም ከእኔ በስድስት ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር ተደርድሬ የፍላጎትና የአቅርቦትን መስመር ሁለተኛ ጊዜ ሣልኩ። ልጆቹ «ሼባው» ይሉኝ ነበር፤ ሰምቼ እንዳልሰማሁ አልፋቸዋለሁ።

አንቺ ግን ኮሌጅሽ አጠገብሽ ነው፤ በጊንጪ በኩል ዞረሽ አምቦ መድረስ ነው። የወሰድሻቸውን ኮርሶች አውትላይን ዲፓርትመንቱ ማኅተም አድርጎ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። ያለ ማኅተም ዋጋ የለውም። ኦፊሺያሉም በቀጥታ እንዲላክ ክፍያውን ክፈይና ደረሰኙን ያዢ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ደስ የማይል ጥያቄ አለ። ኮሌጅሽ አንቺ በተማርሽበት ጊዜ፣ አምቦ ላይ፣ በአካውንቲንግ፣ በዲግሪ፣ በተማርሽበት ፈረቃ እውቅና ነበረው ወይ? ጥያቄው ረዘመ አትበይኝ፣ እያንዳንዱ ቃል አስፈላጊ ነው። እውቅና ለኮሌጁ ስም በጥቅሉ አይሰጥም። ለካምፓሱ፣ ለትምህርት ዓይነቱ፣ ለአሰጣጡ ለየብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ እውቅና ያለው ኮሌጅ ሌላ ከተማ የከፈተው ቅርንጫፍ ላይኖረው ይችላል፤ በመደበኛ ያለው በርቀት ላይኖረው ይችላል። ደንቡም በየጊዜው ይለዋወጣል። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. የግል ተቋማት ሕግና መምህርነት እንዳያስተምሩ ሲታገዱና የርቀት ትምህርት ለጊዜው ሲቆም ስንቱ መሀል ላይ እንደደነገጠ የምናስታውስ እናስታውሳለን። ይህን የሚያጣራልሽ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፣ ድሮ የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ይባል የነበረው። ኮሌጁ ተዘግቶም ከሆነ የተማሪዎቹ ማኅደር የት እንደገባ የምትጠይቂው እዚያው ነው። እውቅናው ከሌለ፣ እህቴ፣ ልቤ እያዘነ ነው የምነግርሽ፣ የሚዛወር ነገር የለም። ካለ ግን ቀጥሎ ያለውን አንብቢ።

በቀላሉ የሚያልፉልሽ የአንደኛ ዓመቶቹ ይመስሉኛል። የፍሬሽማን ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂና የመሳሰሉት በአገር ደረጃ የተዘጋጁ የጋራ ኮርሶች ናቸው። ሞጁሉ አንድ ስለሆነ ለክርክር አይመችም። የሚያከራክሩሽ የሙያዎቹ ናቸው። እዚህ ላይ ደግሞ የቁጥር ጣጣ አለ። አንዱ ተቋም ኮርሱን «3 ክሬዲት» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ያንኑ «5 ኢሲቲኤስ» ይለዋል፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ሞጁላር ከገቡ ወዲህ የመጣ ነው። አንድ ነገር ናቸው፤ ግን 3ን ከ5 ጋር አስተያይቶ «ያንሳል» የሚል ሰው እንዳያጋጥምሽ፣ ትራንስክሪፕትሽ በየትኛው እንደተጻፈ አስቀድመሽ እወቂ።

ቨርጂኒያ ያሉ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ፤ ብዙ ሐበሻ የሚማርበት ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚውኒቲ ኮሌጅ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር አስቀድሞ ተዋውሏል። ይኸን ኮርስ እዚህ ከወሰድክ እዚያ ይኸ ሆኖ ይቆጠርልሃል የሚል ስምምነት አለ፣ ልጁ ሳይመዘገብ ያውቀዋል። እኛ ጋ ሰው በሰው ነው የሚታየው። ግን እኛም አገር የቀድሞ ትምህርት ተቆጥሮ አያውቅም ማለት አይደለም። በ1989 ዓ.ም. አለማያ፣ የዛሬው ሐረማያ፣ በሳሳካዋ ድጋፍ ዲፕሎማ ይዘው ለዓመታት ከገበሬ ጋር የሠሩ የኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ለዲግሪ ሲቀበል፣ ሰዎቹን ገና ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደመጣ ልጅ አላያቸውም።

አሁን ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ። እንበልና አሥራ ሁለት ኮርስ ተቆጠረልሽ። ብር ትቆጥቢያለሽ፤ የማታ ትምህርት የሚከፈለው በኮርሱ ክብደት ነውና። ጊዜ ግን ላትቆጥቢ ትችያለሽ! ለምን? የማታ ኮርሶች የሚከፈቱት በተራ ነው። የቀረሽ ኮርስ በዚህ ሴሚስተር ካልተከፈተ ትጠብቂያለሽ፤ ቅድመ ሁኔታው ካልተሟላም እንደዚያው። አንዳንዱ ሴሚስተር ሁለት ኮርስ ብቻ ይዘሽ ትቀመጫለሽ። ስለዚህ ዲፓርትመንቱን «ስንት ኮርስ ትቆጥሩልኛላችሁ?» ብለሽ ብቻ አትውጪ። «መቼ እመረቃለሁ?» በይ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበይ፣ ከመመዝገብሽ በፊት።

ሌላም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም የዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 እና ከዚያ በላይ ካላመጣ አይመረቅም። ከኮርስ ነጻ ብትባዪ ከፈተናው ነጻ አይደለሽም። የአካውንቲንግ መሠረት አራት ዓመት በፊት ተምረሽ፣ «ተቆጥሮልኛል» ብለሽ ደብተሩን ከዘጋሽ፣ ፈተናው ቀን ያገኝሻል። በግሬድሽ «ሲ» የሆኑትን በፈቃድሽ ደግመሽ ብትማሪ አልስቅብሽም። ብልጠት ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ አንድ ሌላ ሐሳብ ላምጣ፤ አጎትሽ እንዳይቀየሙኝ። ወደ አሮጌው ኮሌጅሽ ብትመለሺስ? እውቅናው ካለ፣ ፋይልሽ ካለ፣ እዚያ የሚዛወር ነገር የለም፤ ሁለቱ ዓመት ሁለት ዓመት ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስሙ ይጥማል፣ አዲስ አበባም ትጠራለች፣ እኔም ወጣት ነበርኩ። ነገር ግን በወረቀት ላይ ጻፊው። በአንዱ በኩል እዚያ የሚቀሩሽን ሴሚስተሮች፣ በሌላው በኩል ዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ የሰጠሽን የመመረቂያ ዓመት። ልዩነቱ አንድ ዓመት ከሆነ እንደ ልብሽ አድርጊ። ሦስት ዓመት ከሆነ ግን አምቦን አትናቂያት።

አባትሽን በተመለከተ፣ ከሰው ከመስማታቸው በፊት ከአንቺ ይስሙ። «ሁለቱ ዓመት አልጠፋም፣ ግን ሙሉውን አይቆጥሩልኝም» በያቸው። በሬ የሸጠ ሰው ሲመዘን የሚጎድል ነገር እንዳለ ያውቃል፤ እንዲያውም ከእኔና ካንቺ በላይ ያውቃሉ። የ40 ሺውን ሰውዬም ንገሪያቸው። ሲቆጡ ታያለሽ፣ በአንቺ ላይ ግን አይመስለኝም።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አንብቤ ያላገኘሁት አንድ ነገር አለ። እናትሽ ታመው ስትወጪ የዊዝድሮዋል ቅጽ ሞልተሽ ነው ወይስ ዝም ብለሽ ሻንጣሽን ይዘሽ? ሞልተሽ ከሆነ በሩ ክፍት ነው። ካልሞላሽ በእነዚያ በጀመርሻቸው የሦስተኛ ዓመት ኮርሶች ላይ «ኤፍ» ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ በየትኛውም በር ይከተልሻል። ክረምት ሳይገባ አምቦ ሄደሽ እዪና በዚያው ሹፌር ላኪልኝ። እናትሽንም እግዜር ይማርልሽ።