ስልኩ የሚሰጠውን መልስ የሚመረምር ተማሪ

የስንዴ ማሳው ቅጠል ቢጫ ቀለም ያወጣበት አርሶ አደር በእጅ ስልኩ ፎቶ አንስቶ ምክር ቢጠይቅ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ መተግበሪያ “ዋግ ነው” ወይም “አይደለም” ብሎ ሊመልስለት ይችላል። መልሱ የተሳሳተ ከሆነ የሚባክነው የመድኃኒት ገንዘብ፣ ሲከፋም የዓመቱ ምርት ነው። የማሽን አስተውሎት እንዴት እንደሚማርና ለምን እንደሚሳሳት ለተማሪዎች ማስተማር እንደ ቅንጦት የማይታየውም ለዚህ ነው።

በዚህ ስልት የሚሠራ ማሽን እንደ ቀድሞው ፕሮግራም እያንዳንዱ ሕግ በሰው እጅ አይጻፍለትም። የታመሙና ጤነኛ ቅጠሎች ፎቶዎች ከነስማቸው ይቀርቡለታል፤ እርሱም ከእነዚህ ምሳሌዎች መለያውን ራሱ ይፈልጋል። በመሆኑም ፈጽሞ ያላየው በሽታ ወይም የአካባቢ ዝርያ ሲገጥመው “አላውቅም” ከማለት ይልቅ ከሚያውቃቸው ወደ አንዱ ሊያስጠጋው ይችላል።

የምሳሌዎች ጉድለት የሚያስከትለው ጉዳት በሰው ላይም ታይቷል። ጆይ ቡኦላምዊኒ እና በአዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ ፊትን አይተው ጾታን የሚለዩ ሦስት የንግድ ሥርዓቶችን መርምሯል። ስህተቱ በጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ እስከ 34 ነጥብ 7 በመቶ ሲደርስ፣ በነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ግን ከ0 ነጥብ 8 በመቶ አላለፈም። ለመመዘኛነት ይውሉ የነበሩ የፎቶ ስብስቦችም በአብዛኛው ነጣ ያሉ ሰዎችን የያዙ መሆናቸውን ጥናቱ አሳይቷል።

ዩኔስኮ በ2024 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው የተማሪዎች የብቃት ማዕቀፍ ከቴክኒክ ዕውቀት ጎን ሥነ ምግባርን ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በኢትዮጵያም በዚያው ዓመት የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ለብዙ ወጣቶች በር ከፍቷል። ይሁን እንጂ መሣሪያውን መጠቀም መቻል አንድ ነገር፣ መልሱን መመርመር ሌላ ነገር ነው።

መብራትና ኢንተርኔት ያልደረሰባቸው ትምህርት ቤቶች ግን ከዚህ ትምህርት ውጭ መሆን የለባቸውም። መምህሩ ከአንድ ማሳ ብቻ የተለቀሙ ቅጠሎችን አሳይቶ ተማሪዎቹ የታመመውን ከጤነኛው እንዲለዩ ካስተማረ በኋላ፣ ከሌላ ማሳ የመጣ ቅጠል ቢሰጣቸው ብዙዎቹ ይሳሳታሉ። ማሽኑም የሚሳሳተው በዚሁ መንገድ መሆኑን ያን ጊዜ ይረዳሉ።

ይህን የተረዳ ተማሪ ማታ ቤቱ ሲገባ አባቱ የያዘውን ስልክ አይቶ “ይህ መተግበሪያ የእኛን አገር ስንዴ አይቶ ያውቃል?” ብሎ ይጠይቃል። መድኃኒት ከመገዛቱ በፊት የግብርና ባለሙያ እንዲጠራ የሚያደርገውም ይህ ጥያቄ ነው።