ደረሰኙ ለማን ይሠራል?

በአሜሪካ የታክስ ወቅት በደረሰ ቁጥር በሐበሻው መካከል አንድ ምክር ይዞራል፦ «ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ፣ ለማኅበር የሰጣችሁበትን ደረሰኝ ይዛችሁ ኑ፤ ከታክስ ይቀነስላችኋል»። ምክሩ ለሐኪሙና ለባለ ሕንፃው እውነት ሊሆን ይችላል። ቀን እየተማረች ማታ ቡና መሸጫ ለምትሠራ ተማሪ ግን ባዶ ተስፋ ነው። ጥፋቱም የታክስ ሠሪው ብቻ አይደለም፤ ሕጉ ራሱ የተጻፈው እንዲህ ሆኖ ነው።

ተማሪዋ በ2025 ዓመቱን ሙሉ ሠርታ 14,000 ዶላር አገኘች እንበል። መንግሥት ለላጤ ግብር ከፋይ ያለ ምንም ደረሰኝ የሚተወው መጠን፣ ስታንዳርድ ዲዳክሽን የሚባለው፣ በዚያ ዓመት 15,750 ዶላር ነበር። (በወላጆቿ ሥር የተመዘገበች ብትሆን እንኳ ደሞዟ በሙሉ ይሸፈናል።) ስለዚህ የገቢ ግብር የሚጣልበት ገንዘብ የላትም። ከዚያች ደሞዝ 600 ዶላር አሥራት ብታወጣ ከምን ላይ ይቀነስላታል? በዚያው ዓመት የ37 በመቶ እርከን ላይ የደረሰና ወጪውን ዘርዝሮ የሚያቀርብ ሰው 10,000 ዶላር ቢሰጥ ግን 3,700 ዶላሩ ከግብሩ ይቀርለታል። እዚያ እርከን ለመድረስ ላጤው ከ626,000 ዶላር በላይ ማግኘት ነበረበት። የእሱ ስጦታ ከገቢው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ የእሷ ከ4 በመቶ ይበልጣል። መንግሥት የሚያመሰግነው ግን እሱን ነው።

«እኔ ደረሰኝ አስገብቼ ገንዘብ ተመልሶልኛል» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ተመልሶለታል፤ የተመለሰው ግን ዓመቱን ሙሉ ከደሞዙ አስቀድሞ ሲቆረጥ የነበረው የራሱ ገንዘብ ነው። ደረሰኙ ባይኖርም ይመለስ ነበር። ይህን ለተማሪው የማያስረዳ ታክስ ሠሪ፣ ዝም በማለቱ ብቻ ለከርሞ ደንበኛ ያፈራል።

ሌላው የተለመደ መልስ «ታክስ የማይከፍል ሰው ምን ይቀነስለታል?» የሚለው ነው። ትከፍላለች እንጂ! ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚቆረጠው 7.65 በመቶ የሚጀምረው ከመጀመሪያዋ ዶላር ነው፤ ከ14,000 ዶላር ላይ 1,071 ዶላር ይወስዳል። ይህን ቆረጣ የትኛውም አሥራት፣ የትኛውም ስእለት አይቀንሰውም። ልግስና የሚቆጠረው በሀብታሙ ዓይነት ግብር ላይ ብቻ ነው።

ሲጀመርም የታሰበው ለእሷ አልነበረም። ሕጉ የወጣው በ1917 ነው፤ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲባል ግብሩ ሲከብድ ባለጸጎች ለኮሌጆችና ለእርዳታ ድርጅቶች መስጠት ያቆማሉ ተብሎ ስለተፈራ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2017 መጨረሻ በጸደቀው ማሻሻያ፣ የላጤው ስታንዳርድ ዲዳክሽን ከ6,350 ወደ 12,000 ዶላር ከፍ ሲል ከአሥር ግብር ከፋይ ዘጠኙ ያህል ወጪውን የማይዘረዝር ሆነ። ያን ጊዜ የመካከለኛው ገቢ ሰው ደረሰኝም ወረቀት ብቻ ሆነ።

አሁን ደግሞ «ተስተካክሏል» እየተባለ ነው። ከ2026 ጀምሮ ወጪውን የማይዘረዝር ላጤም እስከ 1,000 ዶላር የሚደርስ የገንዘብ ስጦታ ይቀነስለታል። ጥሩ። ግን የዚያ ዓመት ስታንዳርድ ዲዳክሽን 16,100 ዶላር ስለሆነ የ14,000 ዶላሯ ተማሪ አሁንም ምንም አታገኝም። ገቢዋ 20,000 ቢደርስ 600 ዶላር ሰጥታ የምታተርፈው 60 ዶላር ነው፤ ከዶላሩ 10 ሳንቲም። ለባለጸጋው አዲሱ ሕግ ጣሪያ አበጀለት፤ ጣሪያው 35 ሳንቲም ነው።

የሕጉ ጠበቆች ጠንካራ ክርክር አላቸው፦ ደሃ ተማሪ የሚጠቀመው ሲሰጥ ሳይሆን ሲቀበል ነው፤ ስኮላርሺፑ የሚመጣው ከእነዚሁ ሰዎች ኪስ ነው ይላሉ። የሚመጣበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ የሚመርጠው ሰጪው ነው፤ ሰጪውም የሚያስታውሰው ራሱ የተማረበትን ዩኒቨርሲቲ ነው። ሃርቫርድ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተቀማጭ አለው። አብዛኛው የስደተኛ ልጅ የሚጀምርበት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በአመዛኙ የሚኖረው በመንግሥት በጀትና በትምህርት ክፍያ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን የተማሪዋ እውነተኛ ልግስና ሕጉ ፊት ልግስና አለመሆኑ ነው። ለእናቷ መድኃኒት የላከችው፣ የታናሽ ወንድሟን ትምህርት ቤት የከፈለችበት፣ የጓደኛዋ አባት ሲሞት በጎፈንድሚ ያዋጣችው፣ አገር ቤት ላለ የእርዳታ ማኅበር በቀጥታ የሰጠችው፣ አንዱም አይቆጠርም። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ሕፃናትን በነጻ ስታስጠና የዋለችበት ሰዓትም ዋጋ የለውም። ባለጸጋው ለሙዚየም የሰጠው ሥዕል ግን ይቆጠራል።

በሕጉ ውስጥ አንድ አስቂኝ ነገርም አለ። በኤፍ ዋን ቪዛ ከኢትዮጵያ የሄደ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት እንደ ነዋሪ ስለማይቆጠር ስታንዳርድ ዲዳክሽን አይፈቀድለትም፤ በዚህ ምክንያት ግብር የሚጣልበት ደሞዝ ካለው፣ እዚያው አሜሪካ ለተመዘገበ ድርጅት የሰጠው ይቀነስለታል። ከደሃ ተማሪዎች መካከል ደረሰኙ የሚሠራለት ዋናውን መብት የተነፈገው ነው!

ኮንግረሱ መንገዱ ጠፍቶት አይደለም። ለኮሌጅ ክፍያ በሚሰጠው የ2,500 ዶላር የታክስ ክሬዲት እስከ 1,000 ዶላር የሚሆነው፣ ግብር ለሌለበት ቤተሰብም ጭምር በጥሬው ይመለሳል። ስጦታም በዚሁ መንገድ ቢያዝ፣ ለሁሉም ከዶላሩ እኩል ሳንቲም፣ የገቢ ግብር ለሌለበትም ቢመለስ፣ 600 ዶላሩና 10,000 ዶላሩ በአንድ ሚዛን ይቀመጡ ነበር። ይህን ለመጠየቅ የአብያተ ክርስቲያናቱና የማኅበራቱ መሪዎች ድምፅ ያስፈልጋል፤ እነሱ ግን እስካሁን የሚያድሉት የዓመቱን መጨረሻ ደብዳቤ ብቻ ነው። እስከዚያው ተማሪዋ ስትሰጥ ለነፍሷ ብላ ትስጥ፤ ታክሷንም አነስተኛ ገቢ ላላቸው በነጻ በሚሠራው በቪታ ፕሮግራም ታሠራ፤ ለማይጠቅማት ደረሰኝ ቆጣሪ 200 ዶላር አትክፈል።